ከዒላማው ጀርባ የተቀመጠው ሰው

ባርናባስን የሚያውቁ የዲላ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ከዓይኑ ይጀምራሉ። «ያ ሰውዬ ዓይን አለው» ይላሉ። መልከ መልካም ነው ማለታቸው አይደለም፤ ፊቱን ብርድ ያቆረፈደው፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ዝምታ የሚያበዛ ረጅም ሰው ነው። ዓይን አለው የሚሉት ሌላው ገደልና ቁጥቋጦ ብቻ በሚያይበት ቦታ እሱ ጆሮውን የሚያራግብ አጋዘን ስለሚያይ ነው።

የተወለደው ጌዴብ ወረዳ ወርቃ ነው። አባቱ ቡናና እንሰት ነበራቸው። እሱ ግን ገና ጢም ሳያበቅል ከከብት ነጋዴዎች ጋር ወደ ባሌ ተሻገረና እዚያው ቀረ። ያስቀረው ገመቹ የሚባል ሰው ነው። ገመቹ ፈቃድ አውጥተው ለአደን የሚመጡ እንግዶችን ተራራ ለተራራ ይዞ ይዞር ነበር። አንድ ቀን ነጋዴዎቹ በሰፈሩ በኩል ሲያልፉ፣ ባርናባስ በጣቱ ወደ ተረተሩ እያመለከተ «ያ ቀንዳም ምንድን ነው?» ብሎ ጓደኛውን ሲጠይቅ ሰማው። ገመቹ በሁለት ዓይን የሚያይበትን ባይኖክላር አንስቶ ፈለገ፤ ብዙ ደከመ። በመጨረሻ ሲያገኘው ባይኖክላሩን ቀስ ብሎ አወረደና፣ «አንተ ልጅ፣ ከብቱን ተወውና ከእኔ ጋር ና» አለው።

ከዚያ ወዲያ ባርናባስ ጠቋሚ ሆነ። የጠቋሚ ሥራ አብዛኛው መቀመጥ ነው። ማለዳ ተረተር ላይ ይወጣል፤ ጉልበቱን አጥፎ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ጉሙ እስኪገለጥ ይጠብቃል። ጉሙ ሲገለጥ የአስታውን ጫካ ዛፍ በዛፍ ይፈትሻል። እንግዶቹ እንደ ክንድ የረዘመ፣ በሦስት እግር ላይ የሚተከል፣ በአንድ ዓይን የሚታይበት የሩቅ ማያ ይዘው ይመጣሉ። ስኮፕ ይሉታል። ባርናባስ በዕድሜው ያላየበት የስኮፕ ዓይነት የለም፤ የትኛው ዝናብ ሲነካው በውስጡ እንደሚያላብ፣ የትኛው ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንደሚታወር ያውቃል። ገመቹም አንድ ነገር አስተምሮታል። «መስታወት ያሳየህን ዓይንህን ጠይቀው፤ ዓይንህ ያሳየህን እግርህን ጠይቀው። እግርህ ያልደረሰበትን አየሁ ብለህ አትማል።»

ገመቹ ታሞ በሰላም አልጋው ላይ ሲሞት፣ ያቺን አሮጌ ባይኖክላሩን ለባርናባስ አወረሰው። ባርናባስም ተራራውን ተሰናብቶ ሚስቱ ኤልቤቴልና ልጆቹ ወደሚኖሩበት ወደ ዲላ ወረደ። አንድ የቡና መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ባይኖክላሯን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚውል ሹፌሮቹ «ምን ታያለህ፣ ባሕር ማዶ ነው?» እያሉ ያሾፉበት ነበር።

ሙሐመድኑር ወደ መጋዘኑ በር የመጣው በአንድ ዝናባማ ሳምንት ነው። ሙሐመድኑር በዋናው መንገድ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ወላጆቹ ከቡታጅራ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው ዲላ ነው። ከንግድ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር ዒላማ መምታት ነው። የአደን ፈቃድም አውጥቶ፣ ወቅቱ ሲከፈት ወደ ባሌ ሊሄድ ይዘጋጃል።

«ጋሽ ባርናባስ፣ ዓይንዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለው።

«ዓይኔ አርጅቷል። ሌላ አጣህ?»

«ከዱባይ ዘመዴ ሁለት ስኮፕ ልኮልኛል። አንዱን አስቀርቼ አንዱን መመለስ አለብኝ። ሱቄ ደጃፍ ላይ ተክዬ ሳያቸው ሁለቱም ያው ሆኑብኝ።»

ባርናባስ ፈገግ አለ። «ሱቅ ደጃፍ ላይ ሁሉም ያው ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ጉም ሲወርድ፣ እጅ ሲደነዝዝ ነው የሚመረጠው። ወርቃ የአባቴ መሬት አለ። ከማዶ ለማዶ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። እዚያ እንውጣ።»

ቅዳሜ ከምሳ በፊት በሙሐመድኑር ፒክአፕ ተነሱ። ይርጋጨፌን አለፉ፤ ጨለለቅቱ ላይ ሻይ ጠጥተው ወደ ጌዴብ ቀጠሉ። ወርቃ ሲደርሱ ለቀበሌው ሊቀመንበር ዒላማ ሊለማመዱ እንደመጡ አስታወቁ። ከዚያ መኪናውን በባርናባስ አክስት ቤት አቁመው፣ በእንሰቱ መሃል አልፈው ተዳፋቱ አናት ላይ ወጡ። ቀትር ላይ ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበርና ሣሩ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል።

ከፊታቸው ጅረት ያለበት ሸለቆ ነው። ከጅረቱ ማዶ ሣር የለበሰ ተዳፋት አለ፤ ከተዳፋቱ በላይ ደግሞ ሽማግሌዎች ከድሮ ጀምሮ እንጨት እንዳይቆረጥበት የከለከሉት ጥቅጥቅ ያለ ደን። ባርናባስ ወርዶ ዒላማውን ከማዶው ተዳፋት ሥር፣ አፈር ቁልል ፊት ተክሎ ተመለሰ።

ሁለቱን ስኮፖች ጎን ለጎን ተከሏቸው። አንደኛው ትልቅ ነው፤ የዓይን መግቢያው ወደ ላይ የታጠፈ፣ ከፊት ያለው መስታወት የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል። ሁለተኛው አነስ ያለና ቀጥ ያለ ነው።

«ትልቁ ስልሳ እጥፍ ያቀርባል» አለ ሙሐመድኑር በኩራት።

«ማቅረቡን ያቀርባል። ግን ባቀረበ ቁጥር ያጨልማል። አየሩንም አብሮ ነው የሚያቀርበው። እስኪ መጨረሻው ድረስ አዙረህ እይ፤ ሣሩ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሲዋኝ አይታይህም?»

ሙሐመድኑር አጎንብሶ አየ። «ይዋኛል።»

«አሁን እስከ ግማሽ መልሰው። ይኸው ረጋ። ሰው ሁሉ ቁጥር ይገዛና በግማሹ ነው የሚሠራበት።» ባርናባስ ትንሹን ወደ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ አዞረ። «ቅርንጫፉን ከሰማዩ ጋር አስተያየው። ዳር ዳሩ ላይ ሐምራዊ ክር ካየህ መስታወቱ ቀለም ያፈሳል ማለት ነው። የትልቁ በጥቂቱ ያፈሳል። የዚህኛው ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ትንሹን ልውሰድ?»

«ቸኮልክ። ዒላማ ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጥ ከሆነ ወደ ላይ የታጠፈው አንገት አያደክምም። ተራራ ላይ ከሆነ ደግሞ ክብደቱን የምትሸከመው አንተ ነህ። ጀንበር ታዘቅዝቅና እንየው።»

ሙሐመድኑር ጠመንጃውን ይዞ በደረቱ ተኛ። ይተኩሳል፤ ባርናባስ በትልቁ ስኮፕ እያየ የተመታበትን ይነግረዋል። «ወደ ግራ ሄደብህ።» ደግሞ ይተኩሳል። «አሁን ዝቅ አለ፤ ትንፋሽህን ጨርሰህ አውጣ።» ሦስተኛው መሃል ገባ። ሙሐመድኑር እንደ ልጅ ሳቀ።

ባርናባስ ነፋሱን ከሣሩ ለማንበብ ስኮፑን ከዒላማው በላይ ትንሽ አነሳው። እዚያው ደነገጠ።

«ቆይ። አትተኩስ።»

«ምነው?»

«ሰው አለ። ከዒላማው በላይ፣ ደኑ ጥግ።»

ሙሐመድኑር ጣቱን ከቃታው ላይ አንስቶ ቀና አለ። በባዶ ዓይን ከማዶ የሚታየው አረንጓዴና ጥላ ብቻ ነው። ባርናባስ ግን አጥርቶ ያየዋል። ሰውየው ደኑና ሣሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱን አጥፏል፤ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፏል፤ ሁለት እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ፊቱን ሸፍኗል። የሚያየው ወደ እነሱ ነው።

«እስኪ እኔ ልየው» ብሎ ሙሐመድኑር ስኮፑ ላይ አጎነበሰ። «ጋሽ ባርናባስ፣ ይሄ ጉቶ ነው። ጥቁር ጉቶ።»

ባርናባስ ወደ ትንሹ ስኮፕ ሄደ። በዚህኛው ይበልጥ ጠርቶ ታየው። የሰውየው ትከሻ በትንፋሹ ልክ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። ጉቶ አይተነፍስም። ቅድም ደኑ ውስጥ ሲጮሁ የነበሩት ጉሬዛዎች መቼ ዝም እንዳሉ ባርናባስ ልብ አላለም ነበር፤ አሁን ግን ዝምታው ጆሮውን ሞላው።

«ጉቶ ነው እያልኩዎት» አለ ሙሐመድኑር።

«ከዒላማ ጀርባ ሰው አለ ከተባለ፣ ባይኖርም አለ ነው። ጥይቱን አውጣው። ወርጄ አስነስቼው እመጣለሁ።»

ሙሐመድኑር አልተከራከረም፤ ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃውን ጎኑ አጋደመ። ባርናባስ የገመቹን ባይኖክላር አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተዳፋቱን ወረደ። ጅረቱን በድንጋይ ላይ ተሻገረ። በዒላማው አጠገብ ሲያልፍ የተበሳውን ወረቀት አየት አድርጎ ማዶውን መውጣት ጀመረ። እርጥቡ ሣር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አራሰው። ደኑ ሲቀርበው በጌዴኦኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማን ነው? እዚህ ጥይት ይተኮሳል፤ ተነሣ!» አለ።

ቦታው ላይ ደረሰ። ሰው የለም። ጉቶም የለም።

ያለው ሰው የተቀመጠበት የሚመስል የተኛ ሣር ብቻ ነው። ባርናባስ ዝቅ ብሎ በመዳፉ ነካው። ደረቅ ነበር። ዙሪያው ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ከላዩ ክፍት ሰማይ ነው እንጂ የሚከልል ቅርንጫፍ የለም፤ ያቺ አንድ ሰው የምታስቀምጥ ቦታ ግን ዝናብ ነክቷት አያውቅም። ወደ ደኑም ሆነ ወደ ታች የሚሄድ ዱካ የለም። ከራሱ ዱካ በቀር ሣሩን የረገጠ አልነበረም።

ባርናባስ ተራራ ላይ ብዙ ነገር ያየ ሰው ነው። ጉም ድንጋዩን ፈረስ ሲያደርገው፣ ብርድ ቁጥቋጦውን ሲያስነጥሰው አይቷል። ስለዚህ ለመሮጥ አልቸኮለም። «ከዚህ ሆኖ ምን ይታየው ነበር?» ብሎ አሰበና ደረቁ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን አጠፈ። ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደገፈ። ባይኖክላሩን በሁለት እጁ ወደ ዓይኑ አነሳ።

ማዶ ተረተሩ ላይ ሙሐመድኑር ተቀምጧል። ከአጠገቡ ደግሞ አንድ ሰው ትንሹ ስኮፕ ላይ አጎንብሷል።

መጀመሪያ መንገደኛ ገበሬ መሰለው። ከዚያ ካፖርቱን አየ፤ ኮሌታው የተበጠሰ፣ ጀርባው ላይ በሌላ ጨርቅ የተጣፈ ቡኒ ካፖርት። ኤልቤቴል ናት የጣፈችው። ባርናባስ ግራ እጁን ከባይኖክላሩ አላቅቆ የራሱን ጀርባ ዳሰሰ። ካፖርቱ እላዩ ላይ ነው፤ ጣፉም አለ።

ያኔ ነው አቀማመጡ የገባው። ቅድም በስኮፕ ያየው ሰው እጁን ዓይኑ ላይ ያደረገው ፊቱን ሊሸፍን አልነበረም። ባይኖክላር ይዞ ነበር። አሁን እሱ ራሱ የተቀመጠውን አቀማመጥ ነበር የተቀመጠው።

«በኢየሱስ ስም» አለ በለሆሳስ። ማዶ ያጎነበሰው ሰው ቀና አላለም። ስኮፑም ከእሱ ላይ አልተነሣም። ባርናባስ ብድግ አለና ጀርባውን ለደኑ መስጠት ፈርቶ፣ ፊቱን ወደ ደኑ አዙሮ ጥቂት ወደ ኋላ ተራመደ። ከዚያ ዞሮ ቁልቁለቱን ተንደረደረ። ጅረቱ ውስጥ ወድቆ ተነሣ። ዳገቱን ሲወጣ ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም፤ እግሩን ብቻ እያየ ወጣ።

አናቱ ላይ ሲደርስ ሙሐመድኑር ብቻውን ነበር። ትልቁን ስኮፕ ከነማቆሚያው አጣጥፎ ወደ ማኅደሩ እየከተተ ነው። ተረጋግቷል።

«ውሃ ውስጥ ምን ሊሠሩ ገቡ?» አለ የራሰውን ሱሪ አይቶ። «ለሽንት የወረዱ መስሎኝ ነበር እኮ።»

ባርናባስ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ማን ነበር ከአንተ ጋር?» አለው።

«የት?»

«እዚህ። ካፖርት የለበሰው።»

ሙሐመድኑር የቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ፊቱን አየና ሳቁን አቆመ። «እርስዎ ነዎት እንጂ ማን ይሆናል?»

«እኔ ማዶ ነበርኩ።»

«ቅድም ሄዱ፤ ጅረቱ ድረስ ወርደው ከዓይኔ ተሰወሩ። ትንሽ ቆይተው በጀርባዬ በኩል መጡና ተቀመጡ። ሰውየውን አገኙት ወይ ብልዎት ዝም አሉ። ደክሞዎት ይሆናል ብዬ ተውኩዎት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ትንሹ ላይ አጎነበሱ። ረዥም ሰዓት አዩ። ዓይንዎን አልነቀሉም፤ ስኮፑን ግን ቀስ፣ ቀስ እያደረጉ ያንቀሳቅሱት ነበር፤ የሚሄድ አውሬ እንደሚከተል ሰው። መጀመሪያ ታች ጅረቱ ላይ፣ ቀጥሎ ዒላማው ጋ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ደኑ።» ሙሐመድኑር ይህን እየተናገረ ሳለ ነገሩ ለራሱም ገባው። «እርስዎ የሄዱበትን መንገድ...»

ጀንበር ወደ ደኑ ጠልቃ ነበር፤ ጥላው ጅረቱን ተሻግሮ ወደ እነሱ እየወጣ ነው።

«አናገረህ?» አለ ባርናባስ።

«አላናገረኝም። እኔ ግን ጠየቅሁት። ጀንበር አዘቀዘቀች፤ የትኛውን ልውሰድ አልኩት። እጁን ትንሹ ላይ አሳረፈ። በቃ። ከዚያ ተነሥቶ በጀርባዬ በኩል ሄደ። ለሽንት መስሎኝ... አዑዙ ቢላህ» አለና ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው እንሰት ብቻ ነበር፤ ሰፋፊው ቅጠል ያለ ነፋስ ተንጠልጥሏል።

ባርናባስን ከሁሉ በላይ ያስፈራው ይሄ ነው። እሱም ቢጠየቅ የሚመርጠው ትንሹን ነበር።

ዕቃውን እንደ ነገሩ ሰብስበው ወረዱ። ዒላማውን ማንም ሄዶ አላመጣውም። አክስቱ ቤት «ቡና ሳትጠጡ?» ሲሏቸው ቸኩለናል ብለው ተሰናበቱ።

ባርናባስ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ኤልቤቴል የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፤ ጸለየችለት፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ እጁን ይዛ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሙ በመብራት መረመረው፤ ፊደል አስነበበው። «እንዲህ ያለ ዓይን በዚህ ዕድሜ አላየሁም። ምንም የለብዎትም» አለው። ባርናባስ ሞራ አለብህ ቢባል ደስ ባለው ነበር። ከሐኪሙ ቤት ሲወጣ ተክዞ ነበር።

የራሱን መልክ ያየ ሰው አይሰነብትም ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ ጠበቀ። ማታ ሲተኛ ነገ አልነሣም ይላል፤ ጠዋት ይነሣል። ለልጆቹ ምክር ቢጤ መስጠት አበዛ። ልጆቹም አባታችን ምን ነካው ብለው ተጨነቁ። ወራት አለፉ፤ ጉንፋን እንኳ አልያዘውም። ሙሐመድኑር ትልቁን ስኮፕ መልሶ ትንሹን ይዞ ባሌ ሄደ፤ ቀንቶትም ተመለሰ። «መስታወቱ ጀንበር ከገባችም በኋላ ያሳያል፤ ግን ብቻዬን አላይበትም» ብሎ ነገረው። ባርናባስን አብረን እንሂድ ብሎ ቢለምነውም እምቢ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የዒላማ ሜዳ ግን እሁድ እሁድ እየሄደ ለተኳሾቹ የተመታበትን ይነግራል። እዚያ ከዒላማው ጀርባ ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ አለ። ከግድግዳው በላይ ስኮፑን አንሥቶ አያውቅም።

ወደ ወርቃ የተመለሰው ቡናው ሲደርስ ነው። መቅረት አይቻልም፤ የአባቱ መሬት ነው። ኤልቤቴል ብቻህን አትሄድም ብላ አብራው ሄደች። አክስቱ፣ የአባቱ ታናሽ እህት፣ የቡና ፍሬ የተሰጣበት ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብለው የተበላሸውን እየለቀሙ አገኟቸው። ባርናባስ ፍሬውን በእጁ እየነካካ ቆየና፣ እንደ ዋዛ ጠየቃቸው።

«አክስቴ፣ ማዶ ደኑ ጥግ የሚቀመጥ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አንተ ነህ እንጂ ማን ይቀመጣል?»

«እኔ?»

«ከልጅነትህ ጀምሮ። ባሌ ነው ያለው ሲሉን እንስቅ ነበር። ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ ክርንህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ተቀምጠህ እናይሃለን። ሰላም ብለንህ እናልፋለን። ቤት አለመግባትህ ብቻ ቅር ይለን ነበር።»

ኤልቤቴል የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። ባርናባስ «ሰላምታችሁን ይመልሳል?» አለ።

«አንዳንድ ቀን እጁን ያነሣል። ትናንትም ነበር።»

ኤልቤቴል አጠገባቸው ተንበርክካ የአሮጊቷን እጅ ያዘች። «እማማ፣ እባክዎን ከእንግዲህ ሰላም አይበሉት።»

አሮጊቷ ግራ ገብቷቸው አንዴ እሷን፣ አንዴ ባርናባስን፣ አንዴ ማዶውን አዩ። «እንዴት ተብሎ ልጄ?» አሉ። «ጎረቤት ዝም ተብሎ ይታለፋል?»